ሌዘር የሚለው ቃል በቤታችን

በሚዛን ተፈሪ "ሌዘር" ማለት ለብዙ ዘመን ጃኬት ማለት ነበር። የቡና ነጋዴዎችና የረጅም መንገድ ሾፌሮች የሚለብሱት፣ ዝናብ ሲመታው የሚያብለጨልጭ፣ ሲደርቅ ክርኑ ላይ የሚሰነጣጠቅ የቆዳ ጃኬት። አንዱ አዲስ ለብሶ ሲመጣ "እውነተኛ ሌዘር ነው" ይላል፤ ሌላው ክብሪት አውጥቶ "እስቲ እጅጌውን ልለኩሰውና ልመንህ" ይለዋል። ቃሉ ሐኪሞች ቆዳን የሚያድሱበት የብርሃን ስም ጭምር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በከተማችን ጥቂት ነበር። እኔ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበርሁ። አውቄም ዝም አልሁ።

ወደ ሚዛን የመጣሁት ከሰሜን፣ የታሪክ መምህር ሆኜ ተመድቤ ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ ለመመለስ አስቤ ነበር፤ ባለቤቴን አገኘሁና ቀረሁ። እርሷ ለንግድ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው ከተቀመጡ ወላጆች የተወለደች የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበረች። ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ በቤታቸው ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ የሚናገሩ፣ አማርኛን በወጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእርሷ የሚሰሙ ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ የምታስተምረው በፊቷ ነበር። "አፌን እዩ!" ትላቸዋለች። ለ"ሀ" አፏን ትከፍታለች፤ ለ"ቡ" ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች፤ ስድሳ ሕፃን አብሯት ይከፍታል፣ አብሯት ያሞጠሙጣል። አንድ ቀን በመስኮት አይቻት ነበርና ማታ ቀለድሁባት።

"አንተ የሞቱ ነገሥታት ትቆጥራለህ፤ እኔ አፍ እፈታለሁ። ማናችን ነን ሥራ የያዝነው?" አለችኝ።



ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በእኛ አገር እንጨት ሞልቷል፤ ደረቅ እንጨት ግን በዝናቡ ወራት አይገኝም። ደመወዝተኛው ሁሉ የሚያበስለው በላምባ ምድጃ ነበር። በዚያ ሳምንት የእኛ ጀሪካን ተቀድዶ ስለነበር ከአንድ ጓደኛዬ ለሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን ይይዝበት የነበረውን ተውሼ፣ ከገበያው አጠገብ ካለው ላምባ ሻጭ ሞልቼ መጣሁ። ቤንዚኑ ከሥሩ ቀርቶ እንደነበር አውቃለሁ። ልደፋው አስቤ ነበር፤ ዝናቡ ሲመጣ እዚያው ሱቁ በር ላይ አስሞልቼ ሮጥሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ ከሸኮ ሽማግሌዎች የሰበሰብሁትን የቃል ታሪክ ከአሮጌ ደብተር ወደ አዲስ እገለብጣለሁ። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ጎረቤት ሄዳ ትጫወታለች። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ጠራችኝ።

"ይህ ጀሪካን ቤንዚን ነበረበት አላልከኝም? ደፍተኸዋል?"

"አዎ" አልሁ።

ራሴን ከደብተሩ ቀና አላደረግሁም። መሃል ላይ ያለ ዓረፍተ ነገር እንዳይጠፋኝ ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም።

እሳቱ ሲነሣ ድምፁ ትልቅ አንሶላ ሲራገፍ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ደርሼ በጋቢ ጠቀለልኋት። የተቃጠለው የግራ ጉንጯ፣ አገጯና አንገቷ እስከ ደረቷ አጥንት ድረስ ነው። አማን ሆስፒታል ተኝታ ሳምንታት ቆየች። እዚያ ያሉት በቻሉት ሁሉ ረዷት፤ ዓይኗንም አተረፉላት።

ከተማው ወዲያው ፍርዱን ሰጠ፤ ላምባ ሻጩ ቤንዚን ቀላቅሎ ሸጠ ተባለ። ሰውየው በልጆቹ ማለ። ማንም አልሰማውም፤ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ሱቅ ዞሩ። ሊጠይቁን የመጡ ሁሉ "መምህር፣ ይህን ሰው ይክሰሱት እንጂ!" ይሉኝ ነበር። እኔም "ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ" አልሁ። ትዕግሥቴን አደነቁልኝ። አንድ ባልደረባዬ እንዲያውም ለተማሪዎቹ ምሳሌ አድርጎ ነገራቸው።

ባለቤቴ ቁስሏ ደርቆ ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ ጠባሳው ገና ቀይ ነበር። እያደር ጠቁሮ፣ ጠጥሮ፣ እንደ ገመድ ተነሣ። አንገቷን ወደ ግራ ማዞር አልቻለችም፤ የከንፈሯም ጥግ ወደ ታች ተጎተተ። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብታ እንደ ልማዷ "አፌን እዩ" አለቻቸው። "ቡ" አለች። ስድሳው ሕፃን ከንፈሩን ወደ ግራ አጣሞ "ቡ" አለ።

አልተሳለቁባትም። የመምህርታቸውን አፍ ነበር በታማኝነት የተከተሉት። ይህን የነገረችኝ እጇን እየታጠበች፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ በሚመስል ድምፅ ነው። በሳምንቱ ማመልከቻ ጽፋ ከማስተማር ወደ መጻሕፍት ክፍል ተዛወረች። ጡረታ እስክትወጣ የመማሪያ መጻሕፍት ስታድልና ስትረከብ ኖረች። ነጠላዋን በግራ በኩል ከፍ አድርጋ መልበስ ለመደች። ፎቶግራፍ ከዚያ ወዲህ አልተነሣችም። ላምባ ሻጩንም በመንገድ ስታገኘው ፊቷን ወደ ቀኝ ትመልሳለች፤ መዞር የምትችለውም ወደዚያ ብቻ ነበር።

በቤታችን ስለ ጠባሳው አይወራም ነበር። ልጃችን ያደገችው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። አድጋ አዲስ አበባ ተምራ እዚያው ሥራ ያዘች። ከሠርጓ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ደወለችልኝ። ስልኩ የእኔ ነበር፤ ኔትወርኩ የሚገኘውም ከአጥራችን ጥግ፣ ሙዙ ሥር ስቆም ብቻ ነው።

"አባዬ፣ እዚህ ጠባሳ በሌዘር የምታክም ሐኪም አለች። የአንዷን የሥራ ባልደረባዬን እጅ አይቻለሁ፣ ለውጡ ሌላ ነው። አሁን ብትጀምር ለሠርጌ ይደርስላታል። እኔ ብነግራት ታዝንብኝ ይሆናል ብዬ ነው። አንተ ንገራት።"

ገብቼ ነገርኋት። ባለቤቴ ጎደሬ እየላጠች ነበር፤ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

"ጠባሳሽን በሌዘር የሚያክሙ አሉ ትላለች ልጅሽ" አልሁ።

ቢላዋዋ ቆመ። "በሌዘር?"

"በሌዘር።"

"የበሬ ቆዳ ጉንጬ ላይ ሊሰፉልኝ ነው?"

ጎረቤታችን ጭኗን መታች። "ከነዚፑ ይሁን በያቸው! ሲበርድሽ ትዘጊዋለሽ፣ ሲሞቅሽ ትከፍቺዋለሽ!"

"አንቺ ምን አለብሽ! ዝናብ ሲመጣማ ቀለም መቀባቴ ነው" አለች ባለቤቴ።

"ቀለሙን ከእኔ ሱቅ ትወስጃለሽ። ቡናማ አለኝ፣ ጥቁር አለኝ። ለአንቺ ቡናማው ነው የሚሄደው።"

ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። ባለቤቴ በክንዷ ዓይኗን እየጠረገች "እናትሽ ጃኬት አልሆንም አለች በላት" አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ፊት ላይ፣ ስለዚያ ፊት ሲሳቅ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

በማግሥቱ ለልጃችን ደውዬ "እናትሽ አልፈለገችም" አልኋት።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ራሴን ብዙ ጊዜ መርምሬያለሁ፤ የማያስወቅሰኝ ምክንያት አላገኘሁም። ሐኪም ዘንድ መሄድ ማለት "በምን ተቃጠልሽ?" ተብሎ መጠየቅ ማለት ነው። ያ ጥያቄ ከተነሣ ጀሪካኑ ይነሣል፤ ጀሪካኑ ከተነሣ እኔ የመለስሁት አንድ ቃል ይነሣል። ቀልዱ ነገሩን ዘጋልኝ። የታሪክ ሰው ነኝ፤ የሰዎችን ቃል በትክክል መቅዳት ሙያዬ ነው። በእነዚያ ወራት ግን በሁለት ሴቶች መካከል ቆሜ የአንዷን ቃል ለሌላዋ ቆርጬ አደርስ ነበር። ልጃችን ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሦስቴም "አልፈለገችም" አልሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ቀን ነው። ቀልዱ ካለፈ ሁለት ወር ያህል ይሆነዋል። ብቻችንን ነበርን። ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች፣ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

"ያ ቆዳ ግን... የሰው ነው ወይስ የከብት?"

እንደምትመኘው ያኔ ገባኝ። ስታስብበት ሰንብታለች። የሰው ከሆነ ምናልባት፣ የሚል ነገር ነበር በድምፅዋ ውስጥ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ቆዳ አይደለም፣ ብርሃን ነው።

"እንጃ" አልሁ።

"ይቅር እንግዲህ" አለችና የሸሚዜን እጅጌ አጠፈችው።

ሠርጉ አዲስ አበባ ሆነ። ባለቤቴ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠች። ቤተሰብ ፎቶግራፍ ሲነሣ ባለካሜራው በትሕትና "እማማ፣ ነጠላዋን ትንሽ ገለጥ ቢያደርጓት" አላት። እርሷም "መጣሁ" ብላ ከመሃላችን ወጣች። ውሃ ልትጠጣ የሄደች መስሎን ጠበቅናት። አልተመለሰችም። ሙሽራዋ በግራና በቀኝ እያየች፣ እኔ አጠገቧ ባዶ ቦታ ትቼ ቆሜ ተነሣን።

ከሠርጉ በኋላ ልጃችን ቤት ጥቂት ቀን ቆየን። ፎቶግራፎቹ መጡ። ልጃችን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ መጀመሪያ ወዳየችው ተመልሳ እንደገና ጀመረች። ሲያልቁ እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ "እማዬ፣ ነገ አንድ ቦታ ትሄጂልኛለሽ። ለማየት ብቻ። እምቢ ካልሽ እንመለሳለን" አለቻት። ባለቤቴ ለሙሽራ እምቢ ማለት አልቻለችም።

የሐኪሟ መጠበቂያ ክፍል ንጹሕና ቀዝቃዛ ነበር። ከእኛ ፊት ለፊት አንዲት በደንብ የለበሱ ሴት ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ላይ ጠባሳ አላየንም። ባለቤቴ ትንሽ ከታገሠች በኋላ "እርስዎስ ምን ሆነው ነው?" አለቻቸው።

"እኔ ለጠባሳ አይደለም፤ ይኸውልሽ፣ ለመጨማደዱ ነው። ለዕድሜ።"

"ዕድሜም በሕክምና ይወጣል እንዴ?"

"ከፊት ላይ ይወጣል ይላሉ። ከጉልበት ላይ አልወጣልኝም እንጂ።"

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ "ግንባርህን ለምን አታሳያቸውም? የአንተ ሙሉ ቀን ይፈጃል" አለችኝ። እንዲያ ስትቀልድብኝ የሰማሁት ያ የመጨረሻው ነው።

ሐኪሟ ወጣት ነበሩ። ጠባሳውን በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ፣ አንገቷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንድታዞር እያደረጉ ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። በመጨረሻ ድፍረት አገኘችና "ቆዳው የምን ነው?" አለች።

"የቱ ቆዳ?"

"የምትለጥፉት። ሌዘሩ።"

ልጃችን ሳቀች፤ የእናቷን ፊት ስታይ ግን አቋረጠች። ሐኪሟ አልሳቁም። ወንበራቸውን አስጠጉ።

"እናቴ፣ የሚለጠፍ ነገር የለም። ሌዘር ብርሃን ነው። በጣም ቀጭን ጨረር ጠባሳው ላይ በዓይን የማይለዩ ብዙ ቀዳዳዎች ይበሳል። ሰውነትዎ እነዚያን ሲሞላ የራስዎን አዲስ ቆዳ ያበቅላል። የተነሣው እየወረደ፣ የተኮማተረው እየላላ ይሄዳል። ይጠፋል ብዬ አልዋሽዎትም፤ አይጠፋም። ይለሰልሳል። በእኛ መልክ ላይ ጨረሩ ከበረታ ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ አንዳንዴም ያነጣዋል። ስለዚህ በቀስታ ነው የምንሠራው። አራት ጊዜ ያህል ይመጣሉ፣ በየመካከሉ ሁለት ሁለት ወር እያረፉ።"

"የራሴ ቆዳ?"

"የራስዎ።" ከልጃችን ስለ ሠርጉ ሰምተው ነበርና ጨመሩ። "ዓመት ቀደም ብለው ቢመጡ እንኳ ለሠርጉ ይደርስ ነበር።"

"አባዬ አልነገረሽም?" አለች ልጃችን። "እኔ እኮ ያኔ ነው የደወልኩት። ሦስት ጊዜ። አልፈለገችም አለኝ።"

ባለቤቴ አላየችኝም። ሐኪሟ ብዕራቸውን አንሥተው በምን እንደተቃጠለች ጠየቋት።

"በላምባ። ነጋዴው ቤንዚን ቀላቅሎበት" አለች።

ሐኪሟ ጻፉት። የእኔ ሐሰት በሕክምና መዝገብ ላይ ሲሰፍር አይቼ ዝም አልሁ።

በማግሥቱ አውቶቡስ ይዘን ጅማ አደርን፤ ከዚያ ጠዋት ወደ ሚዛን ጉዞ ቀጠልን። እርሷ መስኮት በኩል ተቀምጣለች። ቦንጋን አልፈን ጫካው መንገዱን ከሁለት ወገን ሲይዘው ጠየቀችኝ።

"ብርሃን መሆኑን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"መቼ አወቅህ?"

"ከመጀመሪያው።"

"የሰው ነው የከብት ብዬ ስጠይቅህም?"

"ያኔም።"

መስኮቱን ከፈተች። ነፋሱ ከካፊያ ጋር ገብቶ ነጠላዋን አወረደው፤ አልመለሰችውም። ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ ፊቷ ተገልጦ ያየሁት ማስተማር ከተወች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

"ለምን?" አለች።

ከዚያ በኋላ መደበቅ የምችልበት ነገር አልቀረኝም። "ሌላም አለ" አልሁ። ስለ ጀሪካኑ ነገርኋት። አለመድፋቴን፣ ዝናቡን፣ ስትጠይቀኝ ደብተር ላይ አቀርቅሬ "አዎ" ማለቴን፣ ሰዎች ሰውየውን ሲወነጅሉ በትዕግሥቴ መመስገኔን ሁሉ በተራ ነገርኋት። ሃያ ዓመት ያህል ያቆየሁት ነገር ሲነገር ከአንዱ መንደር እስከ ቀጣዩ አልፈጀም። ያን ያህል አጭር መሆኑ አሳፈረኝ።

የአውቶቡሱ ረዳት ከኋላ ጮኸ። "እማማ! መስኮቷን ይዝጓት እንጂ! ወንበሩ ራሰ፣ ነገ እርስዎ ላይ ነው የማሰጣው!" ተሳፋሪው ሳቀ። ባለቤቴ "እሺ የኔ ልጅ፣ ይቅርታ" ብላ ዘጋችው። 

ሚዛን መናኸሪያ ስንደርስ ሻንጣውን ከአውቶቡሱ ጣራ አወረዱልን። ላነሣው ጎንበስ ስል ከኋላዬ ድምፅዋን ሰማሁ።

"ይተዉት፤ ለተሸካሚ ይስጡት። ወገብዎን ያምዎታል።"

ለሌላ ሽማግሌ የምትናገር መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "አንተ" ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ቁርስ ስታቀርብ "ይብሉ"፣ ስወጣ "ጃንጥላ ይያዙ"፣ ስታመም "እንዴት አደሩ?" ነው። ቁጣ የለበትም። ሳህን ስታስቀምጥም ድምፅ አታሰማም። መኝታችን አልተለየም፤ ቤታችንም እንደወትሮው ነው። ጎረቤታችን ባለሱቋ አንድ ቀን ሰምታ "መምህር፣ ታድለው! የእኔ ባል አንቱ ልባል ቢል በመጥረጊያ ነበር የማባርረው" አለችኝ። ወጣት መምህራን ሊጠይቁን ሲመጡ "የድሮ ትዳር እንዲህ በመከባበር ነው" ይላሉ። አስተካክዬ አላውቅም።

በተመለስን በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ገበያ ሄደች። ላምባ ሻጩ አሁን አርጅቷል፤ መብራት ከገባ ወዲህ ላምባ የሚገዛ ስለሌለ ሳሙናና ምስማር ይሸጣል። ሱቁ ገብታ ሳሙና ገዛች፤ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ የጉልበቱን ሕመም አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ ወጣች። ምክንያቱን አልነገረችውም። ሰውየው በሳምንቱ እያነከሰ ቤቴ መጣ።

"መምህር፣ ባለቤትዎ ሰላም አለችኝ። ከስንት ዘመን በኋላ! ይቅር ብላኝ ነው መሰል። እኔ አላጠፋሁም፤ ግን ይቅር ማለቷ ደስ አለኝ" አለ።

በር ላይ እንደቆመ ነገርሁት። ግድግዳውን ይዞ አዳመጠኝ። ሲሰድበኝ ጠብቄ ነበር፤ ስድቡ ይገባኝም ነበር።

"አሁን ይህን ለማን ልንገረው?" አለ በመጨረሻ። "ያኔ የሸሹኝ ግማሾቹ ሞተዋል። የቀሩት ረስተውታል። አባታቸው ሌባ ነው የተባሉት ልጆቼ ናቸው ያልረሱት፤ እነሱም እዚህ የሉም።"

ለልጆቹ ደብዳቤ እጽፋለሁ አልሁት። ጻፍሁም፤ ለሦስቱም፣ ለእያንዳንዳቸው። አንደኛው ብቻ መለሰ፤ "ደርሶኛል" የሚል ነው።

ባለቤቴ በሚቀጥለው ዓመት አራት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለሰች። አብሬያት ልሂድ ብል "ልጅቷ አለች፤ እርስዎ ይረፉ" አለችኝ። ሕክምናው እንዴት እንደነበር የሰማሁት ለጎረቤታችን ስታወራ ከሌላው ክፍል ሆኜ ነው። መጀመሪያ የሚያደነዝዝ ቅባት ይቀቧታል፤ ዓይኗን ይሸፍኑላታል፤ ከዚያ እንደ ትኩስ አሸዋ የሚረጭ ነገር ይሰማታል፤ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። በመጀመሪያው ጊዜ ሽታው ሲመጣ ጮኻ ተነሥታ እንደነበር፣ ሐኪሟም እጇን ይዘው ብዙ ሰዓት እንደጠበቋት ነገረቻት። እኔ መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ ገጹን አልገለጥሁም።

በእያንዳንዱ ጊዜ ስትመለስ ጉንጯ አብጦ፣ እንደ ወንፊት ዓይን በተደረደሩ ቡናማ ነጠብጣቦች ተሸፍኖ ነበር። በሳምንት ውስጥ ይረግፋል። ፀሐይ ስለተከለከለች ዝናብ ባይኖርም ጃንጥላ ትይዛለች። ከሦስተኛው በኋላ አንድ ጠዋት በር ላይ ቆማ አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ ጎረቤታችን ሱቅ በኩል አዙራ "እንዴት አደርሽ?" ስትል አየኋት። ሙሉ ሰውነቷን ሳታዞር ነው። ጎረቤታችን እልል አለች። የከንፈሯ ጥግ ግን ብዙም አልተነሣም፤ ቀለሙም እንደተዥጎረጎረ ቀረ። "ጠፋ አይባልም፤ ግን ለስልሷል። ስነካው የራሴ ይመስለኛል" አለቻት።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ድፍረት አግኝቼ አንድ ከሰዓት ለመንኋት። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር።

"እንደ ድሮው አንተ በይኝ" አልኋት።



"ሞክሬዋለሁ" አለች። "ወጥ ቤት ብቻዬን ስሆን ሞክሬዋለሁ። እርስዎን ለመቅጣት ብዬ አይደለም። ይቅርታውንም አድርጌያለሁ፤ ቄሱም ያውቃሉ። ቃሉ ግን አይመጣልኝም። አንተ የምለው ሰው ያን ቀን ጋቢ ይዞ የደረሰልኝ ነበር።"

"እርሱም እኔ ነኝ" አልሁ።

"ነዎት" አለች።

አሁን ሁለታችንም ጡረታ ላይ ነን። ሐኪሟ ጠባሳው እንዳይደርቅ በየጠዋቱ እንዲቀባ አዝዘዋል። ጉንጯንና አገጯን ራሷ ትቀባለች። ከአንገቷ ኋላ፣ ከፀጉሯ ሥር ያለው ክፍል ግን እጇ አይደርስበትም፤ ልጃችን ሩቅ ናት። ስለዚህ በየጠዋቱ በርጩማውን ወደ ብርሃኑ ታስጠጋና ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጣለች። "እባክዎ" ትለኛለች። ጣቴን ቅባቱ ውስጥ ነክሬ ከላይ ወደ ታች እቀባለሁ። አንዳንዱ ቦታ እንደ ሕፃን ቆዳ ለስላሳ ነው፤ አንዳንዱ አሁንም ገመድ ነው። ገመዱ ጋ ስደርስ እጄ ይዘገያል፤ እርሷም መዘግየቱን ታውቀዋለች፤ ሁለታችንም አናነሣውም። ከዚያ ነጠላዋን እየመለሰች ትነሣለች።

"በቃኝ" ትላለች፣ በመንገድ ላይ ዕቃዋን ላነሣላት ለማታውቀው ሰው እንደምትለው አድርጋ። "እግዜር ይስጥልኝ።"